የትምህርት ቤት ገንዘብና የልጅ ዕውቀት በአንድነት ይነበቡ

ቤት ያለው ሰው ሁሉ የቤቱን ገቢና ወጪ ያውቃል። ስንት ቁና ጤፍ ከጎተራ እንደ ወጣ፥ ስንት ብር ለጨውና ለዘይት እንደ ተከፈለ፥ የሠራተኛ ደመወዝ የሚደርሰው መቼ እንደ ሆነ የቤቱ እመቤት ታውቃለች፤ ባታውቅ ቤቱ አይቆምምና። ነገር ግን ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የሚበልጠውን ልጁን በየጧቱ አሳልፎ የሚሰጠው ሰው፥ ወደ ትምህርት ቤቱ ስንት ገንዘብ እንደ ገባ፥ ገንዘቡም በምን ላይ እንደ ዋለ፥ ልጁም በዚያ ገንዘብ ምን እንዳወቀ ቢጠየቅ መልስ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ዕለት በዚህ በቤተ ሰብ ዐምድ ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ቃል ልንጽፍ አሰብን።

እኛ እንጀራችን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ዕድሜያችን ከአርባ አልፏል፤ በልጅነታችንም ፊደልን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ ቍጥርንና የውጭ ቋንቋን ደግሞ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረናል። ከመዝገብ ቤት ሥራችን የተረዳነው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቈጠራል፤ ተጽፎ ያልተነበበም ካልተጻፈው ብዙ አይርቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ መዝገብ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ገጹ ይቈጠራል፤ ለተከፈለው ዳኝነት ደረሰኝ ይያያዛል፤ ፍርዱም ባለጉዳዮቹ ቆመው ሳሉ በግልጽ ችሎት ይነበባል። የተረታው ሰው እንኳ ለምን እንደ ተረታ ሰምቶ ይሄዳል። የትምህርት ቤት ነገርስ እንዲሁ በግልጽ ቢነበብ ምን ይጎዳል? ብለን ብዙ ጊዜ አስበናል።

ይህን ስንል የምናየው በዓይናችን ፊት ያለውን አገር ነው። በደቡብ ወሎ፥ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከእርሷ አለፍ ብሎ ያለው የአምባሰል ወረዳ መቀመጫው ውጫሌ ነው። ውጫሌን በ1881 ዓ.ም. በዚያ በተፈረመው ውል ምክንያት ዓለም ያውቃታል። ያ ውል በአማርኛና በኢጣሊያንኛ ተጽፎ፥ 17ኛው አንቀጽ በሁለቱ ቋንቋ አንድ ዐይነት ባለመሆኑ የመጣውን ጠብ፥ እስከ ዐድዋም ድረስ የፈሰሰውን ደም አንባቢዎቻችን ያውቁታል። የተጻፈውን መርምሮ ማንበብ ለአገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የበለጠ ምስክር አይፈለግም።

ሐይቅም ከዚያ ውል በፊት ስድስት መቶ ዓመት ቀድማ የትምህርት አገር ነበረች። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ወደ ሐይቅ መጥተው በእስጢፋኖስ ገዳም ወንበር ዘረጉ። አባ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ እንደ ነበሩ በገድል ይነገራል። ለገዳሙ የሰጡት፥ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍትና ንዋያት እየተቈጠሩ የተመዘገቡበት ዝርዝር ይገኛል። እንግዲህ አስተውሉ፤ የዚያ ዘመን ሰዎች የማኅበሩን ንብረት የጻፉት ሁሉም በሚያከብረውና በሚያነበው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ወንጌሉን የገለጠ ሁሉ የገዳሙን ሀብት ያያል፤ አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ጠያቂው ብዙ ነው። ትምህርቱና ንብረቱ በአንድ ጥራዝ ውስጥ መኖራቸው ለእኛ ትልቅ ምክር ሆኖ ይታየናል።

የጥንቱ ትምህርት ሌላም ምክር አለው። እኛ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ሀሁን፥ አቡጊዳን ስንቈጥር ከልጅ ልጅ የሚያስተካክል ክፍል አልነበረም። የኔታ እያንዳንዱን ልጅ በየተራው አቅርበው ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያሳረፉ ይሰሙት ነበር። ያወቀ ያልፋል፤ ያላወቀ ይመለሳል። ዳዊት የደገመ ልጅ ቢኖር ወላጆቹ ድግስ ይደግሳሉ፥ ጎረቤቱም ሁሉ ልጁ ምን እንደ ቻለ በጆሮው ይሰማል። በዚያው በወሎ አገር የእስልምናው ደረሳም እንዲሁ ነው፤ በእንጨት ሉሕ ላይ የተጻፈለትን ቃል በሸሁ ፊት በቃሉ ሳይወጣ ሉሑ አይታጠብለትም። ይህ ሥርዓት ጕድለት አልነበረበትም አንልም፤ ሒሳብና ጂኦግራፊ አልነበረውም፥ ሴቶች ልጆችም ከእርሱ እጅግ ርቀው ቀርተዋል። ሆኖም አንድ ልጅ ማንበብ ይቻል ወይም አይቻል በዚያ ሥርዓት ሊሰወር አይችልም ነበር።

ወደ ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ ደግሞ በየወሩ አንዲት ካርድ ይሰጡን ነበር። በአንድ ፊቷ የተከፈለው ገንዘብ፥ በሌላው ፊቷ በየትምህርቱ ያገኘነው ማርክ ተጽፎባታል። አባታችን ማንበብ አይችሉም ነበርና አንብበንላቸው በአውራ ጣታቸው ያትሙባታል። ካርዷን ገልበጥ እያደረጉ፥ «በዚህ በኩል እኔ የሰጠሁት፥ በዚያ በኩል አንተ ያመጣኸው ነው» ይሉን ነበር። ይህ የአባታችን ቃል ስለ ትምህርት ቤት አስተዳደር ኋላ ካነበብነው ከብዙው መመሪያ ይልቅ በልባችን ቀርቷል።

የመንግሥትም ሕግ ከጥንት ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ነበር። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር እንዲከፈል አዋጅ ሲወጣ፥ ገንዘቡ ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፥ በየጠቅላይ ግዛቱም የትምህርት ቦርድ ተቋቁሞ እንዲቈጣጠረው ታስቦ ነበር። ግብሩን የሚከፍለው ባለርስት ነውና የገንዘቡ ጠባቂ በአቅራቢያው እንዲሆን መፈለጉ መልካም ሐሳብ ነበር። ዳሩ ግን በቦርዱ ወንበር የሚቀመጡት ሹማምንትና ታላላቅ ሰዎች ነበሩ፤ የገበሬው ልጅ ትምህርት ቤት ሳያይ አባቱ ከእህሉ ግብር ይከፍል የነበረበት ቦታ ብዙ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ በታወጀ ጊዜ ያ የርስት ሥርዓት አብሮ ቀረ፤ «ለልጆቻችን የከፈልነውን ማን ይጠብቅልናል?» የሚለው ጥያቄ ግን ቀርቶ አያውቅም።

ዛሬ ያለው ሥርዓት እንዴት እንደ መጣ ባጭሩ እናስረዳ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሆን ወሰነ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት አመራርን፥ አደረጃጀትን፥ የሕዝብ ተሳትፎንና ፋይናንስን የሚመለከት መመሪያ ወጣ። በዚህም መሠረት ከክልሉ ትምህርት ቢሮ በታች የዞን መምሪያ፥ ከዚያም የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፥ በቀበሌ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፥ በትምህርት ቤቱም የወላጅና የመምህር ኅብረት ይገኛል። የወረዳው በጀት ከክልሉ በጥቅል ይመጣል፤ የወረዳው ምክር ቤት ለጤናው፥ ለግብርናው፥ ለትምህርቱ ያከፋፍለዋል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ልጁን የሚጠብቁ ዓይኖች ብዙ ናቸው። ብዙ ዓይን ባለበት ግን አንዱ ሌላው አይቶልኛል እያለ ሁሉም ሊያንቀላፋ ይችላል።

ገንዘቡ ወደ ትምህርት ቤት የሚገባው በአራት በር ነው። የመጀመሪያው የመምህራን ደመወዝ ነው፤ ከወረዳው የትምህርት በጀት እጅግ የሚበዛውን እርሱ ይወስደዋል፥ ለጠመኔና ለመጽሐፍ፥ ለጣሪያና ለመጸዳጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሁለተኛው ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት በተማሪ ቍጥር እየተሰፈረ ለየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ የነበረው ድጎማ ነው። ገንዘብ በተማሪ ቍጥር ከተሰፈረ፥ በመዝገብ የተጻፈው ልጅ በእውነት በወንበሩ ላይ መቀመጡን የሚያረጋግጥ ያስፈልጋል፤ ስሙ ተጽፎ እርሱ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የድጎማውን ልክ ያሳድጋል እንጂ አይማርበትምና። ሦስተኛው የትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ነው፤ ከግቢው ሣር፥ ከባሕር ዛፉ፥ ከእርሻ ማሳው የሚገኘው። አራተኛው ከወላጅ የሚሰበሰበው መዋጮ ነው፤ ይህም በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄ ከተጀመረ ወዲህ በየአገሩ በርትቷል።

ስለ አራተኛው በር ጥቂት እንቆይ። ሕጉ ትምህርት በነጻ ነው ብሏል፤ መዋጮውም በፈቃድ ነው ይባላል። ነገር ግን የቀበሌው ሹም በተቀመጠበት ስብሰባ እጅ ሲወጣ፥ ድሃው ብቻውን እጁን አላወጣም ለማለት ምን ድፍረት አለው? 600 ልጆች ያሉት ትምህርት ቤት በልጅ 100 ብር ብቻ ቢሰበስብ 60,000 ብር ይሆናል። ይህ ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከአንዱ ቤት የዶሮ ዋጋ ነው፥ ከሌላው ቤት የሽንብራ ዘር፥ ከባልቴቲቱ ቤት ደግሞ የሰንበት ቡና ነው። ስለዚህ የዚህ ገንዘብ ሒሳብ ከመንግሥት በጀት ሒሳብ ይበልጥ ለሰጪው ሊነገረው ይገባል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት በአገራችን እስካለ ድረስ፥ ሒሳቡ የተሰወረበት ንጹሕ ሹም እንኳ መጠርጠሩ አይቀርም፤ በግልጽ ማስነበብ ሕዝቡን ከመጕዳት፥ ሹሙንም ከሐሜት ያድናል።

አሁን ደግሞ ወደ ካርዷ ሁለተኛ ፊት እንለፍ፤ ይኸውም ልጆቻችን ያወቁት ነው። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምርመራ፥ ከ2ኛ ክፍል ልጆች መካከል 34 ከመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ሾልኮ በመውጣቱ በ2008 ዓ.ም. ተሰርዞ እንደ ነበር የሚታወስ ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ፥ ከ896,000 በላይ ከሆኑት ተፈታኞች ግማሹን ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ይህ ማለት በብዙ ወረዳ የአንድ ዘመን ልጆች ሁሉ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምረው የወደቁበት ትምህርት ቤት አለ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የ12ኛ ክፍሉን መምህር ይወቅሳል። እኛ ግን ጥፋቱን ከታች እንፈልጋለን። የ1986ቱ ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለው ልጅ በተከታታይ ምዘና እየተረዳ እንዲያልፍ አዝዞ ነበር። የታሰበው፥ መምህሩ የደከመውን ልጅ ዕለት ዕለት እየረዳ እንዳይጥለው ነበር። በ70 ልጆች ፊት ብቻውን የሚቆም መምህር ግን ይህን እንዴት ይችላል? ማለፉ ቀረ፥ መርዳቱ ግን አልደረሰም ለማለት እንኳ አይቻልም፤ ማለፉ ጸንቶ መርዳቱ ቀረ። ፊደል ሳይለይ 4ኛ ክፍል የገባ ልጅ ደግሞ የሳይንሱንም የሒሳቡንም መጽሐፍ የሚያይበት ዓይን የለውም። ዓመታቱ ያልፋሉ፤ ልጁ ግን በዚያው በሀሁ ደጅ ቆሞ ይቀራል።

ይህን በቍጥር ብቻ የምንናገር እንዳይመስል በሥራችን ላይ ያየነውን አንድ ነገር እንንገር። አንድ ጊዜ አንድ የአምባሰል ገበሬ የመሬት ወሰን ክርክር ይዞ ወደ መዝገብ ቤታችን መጣ። መጥሪያውን በእጁ ይዟል፥ የሚያነብለትም 7ኛ ክፍል የደረሰ ልጁ አብሮት አለ። መጥሪያውን ለልጁ ሰጠነውና «ለአባትህ አንብብላቸው» አልነው። ልጁ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። «ተ» አለ፤ ቀጥሎም «ከ» አለ፤ «ተከሳሽ» የምትለዋን ቃል ሳይጨርስ ላብ አጠመቀው። ቀጠሮው መቼ እንደ ሆነ ማውጣት አልቻለም። አባትየውም ከቆዳ ኮሮጆው በላስቲክ የተጠቀለሉ ወረቀቶች አወጣ። የትምህርት ቤት መዋጮ የከፈለባቸው ደረሰኞች ናቸው፤ በየዓመቱ አንድ አንድ። «ጌታዬ፥ እነዚህን እይልኝ፤ ዕዳዬን ሁሉ ከፍያለሁ» አለን። ከዚያም ልጁን ትከሻውን ይዞ፥ «የእኔን ግን ማን ይክፈለኝ?» አለ።

የቀጠሮውን ቀን ነግረን ሸኘነው፤ ለጥያቄው ግን የምንሰጠው መልስ አልነበረንም። ፍርድ ቤት የወሰን ክርክር ይሰማል፥ የብድር ክርክር ይሰማል። ሰባት ዓመት ገብሮ ማንበብ የማይችል ልጅ የተመለሰለት አባት የሚከስበት መዝገብ ግን የለንም። ልጁም ሰነፍ አይደለም፤ በዕለቱ ከአባቱ ጋር ሦስት ሰዓት በእግሩ የተጓዘ፥ የዘመዶቹን የእርሻ ወሰን ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ነው። የተበደለው የትኛው ሹም እንደ በደለው በማይታወቅበት በደል ነው።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ ይህ አገር በዕድሉ ብዙ መከራ አይቷል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በደሴና በሐይቅ አካባቢ ባለፈ ጊዜ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፤ ወንበሩ ማገዶ ሆነ፥ የተማሪው ስምና ማርክ የተጻፈበት ሰነድም በየቦታው ተቃጠለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያትም እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ቍጥሩ የበዛ ልጅ ከትምህርት ገበታ ርቋል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባም መጽሐፉ ለሁሉ በጊዜው አልደረሰም። መምህሩም የኑሮው ውድነት ከብዶት በባዶ ሆዱ የሚያስተምርበት ቀን አለ። እንዲህ ባለው ጊዜ ስለ ሒሳብና ስለ ማርክ መጠየቅ ጭካኔ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን፤ ጥጋብ ባለበት ዘመን አንድ ቁና እህል ቢጠፋ ማንም አይሞትም፤ በራብ ዘመን ግን እያንዳንዷ ፍሬ ትቈጠራለች። ገንዘቡና ጊዜው ባነሰ መጠን ቈጣሪው መብዛት አለበት።

ሒሳብን በግልጽ ማስነበብ ፍሬ ያለው መሆኑንም ከአፍሪቃ አገሮች አንዷ አሳይታናለች። በኡጋንዳ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት፥ መንግሥት ለየትምህርት ቤቱ ከመደበው ድጎማ በአማካይ 13 ከመቶው ብቻ ከትምህርት ቤቶቹ መድረሱን መርማሪዎች አገኙ። የቀረው በመካከል ባሉት የወረዳ ሹማምንት እጅ ቀርቷል። መንግሥቱም ከዚያ ወዲህ ለየወረዳው የሚልከውን ገንዘብ በየወሩ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤትም የደረሰውን ገንዘብ በግድግዳው ላይ እንዲለጥፍ አዘዘ። በ2001 በዚያው አቈጣጠር ከተመደበው ገንዘብ ከ80 ከመቶ በላይ ለትምህርት ቤቶቹ ይደርስ ነበር። ሌላም የተለወጠ ነገር ይኖራል፤ ሆኖም መርማሪዎቹ የጋዜጣው ወሬ በቅርብ የሚደርሳቸው ትምህርት ቤቶች ገንዘባቸውን ይበልጥ ማግኘታቸውን አስተውለዋል። አንድ ገጽ ጋዜጣና አንድ ሉክ ወረቀት የብዙ ተቈጣጣሪ ሥራ ሠሩ።

«የእኛ ገበሬ ሒሳብ ምን ያውቃል? ቢነበብለትስ ምን ይገባዋል?» የሚል ሰው ቢኖር፥ ወደ ወሎ ሄዶ የቅሬን ጉባኤ ይመልከት። ቅሬ በሌላ አገር ዕድር የሚባለው ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድነት ገብተውበት የሞተውን ይቀብራሉ፥ ያዘነውን ያጽናናሉ። በዚያ ጉባኤ የቅሬው ዳኛ ቆሞ ስንት ብር እንደ ተዋጣ፥ ለድንኳኑና ለከፈኑ ስንት እንደ ወጣ፥ ማን እንዳልከፈለ በአደባባይ ይናገራል። ፊደል የማያውቅ ሽማግሌ ከመካከል ተነሥቶ፥ «ባለፈው ክረምት የተገዛው ብረት ድስት የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስም ሳያገኝ አይቀመጥም። ሕዝባችን ለሙታኑ ይህን ያህል ሒሳብ የሚቈጣጠር ከሆነ፥ ለሕያዋን ልጆቹ እንዴት ያንሳል?

እንግዲህ የምንመክረው አዲስ ቢሮ እንዲቋቋም አይደለም፤ ያሉት በቂ ናቸው። ምክራችን ይህ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ በመንፈቅ አንድ ቀን ይወሰን። በዚያ ቀን ወላጆች በተሰበሰቡበት ሁለት ነገር በአንድነት ይነበብ። በመጀመሪያ በአራቱ በር የገባው ገንዘብና የወጣው ወጪ በተራ ቃል፥ በብርና በሳንቲም ይነገር። ቀጥሎ በየክፍሉ ስንት ልጅ እንደ ተመዘገበ፥ ስንቱ እንደሚገኝ፥ ከ2ኛና ከ3ኛ ክፍልም ስንቱ አንድ አጭር ጽሑፍ አንብቦ እንደሚያስረዳ ይነገር። ይህም በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ ተጽፎ በትምህርት ቤቱ በር ይለጠፍ። ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው ከተነበቡ ግን ጥቅማቸው ይጎድላል። ገንዘቡ ብቻ ሲነበብ፥ ጣሪያው ተሠራ ተብሎ ይጨበጨባል፤ ከጣሪያው በታች ያለው ልጅ ይረሳል። ማርኩ ብቻ ሲነበብ፥ መምህሩ ይሰደባል፤ ጠመኔ መግዣ ያጣ መሆኑ አይታሰብም። በአንድነት ሲነበቡ ግን ጥያቄው ወደ ትክክለኛው ደጅ ይሄዳል።

ለሹማምንት የምንለው አለን። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን እየተመረመሩ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ አብዛኞቹም ከ3ኛ ደረጃ በታች ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ደረጃ በጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ከሚቀር ለወላጁ ይነገረው። ልጁ በ1ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማራል ሲባል «አንደኛ ወጣን» ብሎ የሚደሰት የዋህ ወላጅ አለና፥ 1ኛው የመጨረሻው ዝቅተኛ መሆኑም አብሮ ይተርጐምለት። የወላጅና የመምህር ኅብረት ሲመረጥም የሹሙ ወዳጅ ብቻ አይመረጥ፤ ከእናቶች ወገን የቤቷን ሳንቲም የምትቈጥር አንዲት ሴት፥ ከገበሬው ወገን በቅሬ ጉባኤ የማይፈራ አንድ ሽማግሌ ይግባበት።

ለመምህራንም እንላለን፤ ይህ ንባብ እናንተን ለመክሰስ አይደለም። 70 ልጅ በአንድ ክፍል እንዳላችሁ፥ መጽሐፉ ለሦስት አንድ እንደ ደረሰ በአደባባይ የምትናገሩበት ቀን ከዚህ የተሻለ አይመጣላችሁም። የኔታ ልጁን አቅርበው በጣት እያስያዙ ይሰሙ እንደ ነበር፥ እናንተም በመንፈቅ አንድ ጊዜ እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻው ስሙት። ልጁ ያልቻለውን በጊዜ ማወቅ ልጁን ማዋረድ አይደለም፤ ሳይታወቅበት 12ኛ ክፍል ደርሶ በሺህ ሰው ፊት ከመዋረድ ማዳን ነው።

ለአባቶችና ለእናቶች የምንለው ከሁሉ ይቀላል። ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ልጃችሁን አቅርባችሁ መጽሐፉን አስገልጡት። ማንበብ የማትችሉ ብትሆኑም ግድ የለም፤ ልጅ ሲያነብና ሲደናበር በጆሮ ይለያል። የተደናበረ እንደ ሆነ አትምቱት፤ ጧት ይዛችሁት ወደ መምህሩ ሂዱ። ለመዋጮ ገንዘብ ስትሰጡ ደረሰኝ ተቀበሉ፥ ደረሰኙንም ከልጁ ካርድ ጋር በአንድ ላይ አኑሩት። ጉባኤ በተጠራ ጊዜም አትቅሩ፤ የቀረ ሰው የተወሰነበትን ይሸከማል። ሴት ልጃችሁንም ከወንዱ ለይታችሁ ውኃ ልትቀዳ አትላኳት፤ ለእርሷም ያው ገንዘብ ተሰፍሮላታልና።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ መንግሥት ገንዘብ ቢመድብ፥ ሕዝብ ቢያዋጣ፥ መምህር ቢያስተምር፥ ይህ ሁሉ የሚታየው በመጨረሻ በአንድ ልጅ አፍ ነው። ያ ልጅ የአባቱን መጥሪያ አንብቦ «አባባ፥ ቀጠሮው ሐሙስ ነው» ያለ እንደ ሆነ ሒሳቡ ተወራርዷል። እስከዚያ ድረስ ግን መዝገቡ እንዳልተዘጋ እንወቅ፤ የተሰበሰበውን ገንዘብ ያህል ዕውቀት ለልጆቻችን እስኪደርስ መጠየቅንም አንተው።